የምናሴ ምስክሮች

አቶ ገብረመድኅን አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ምስክር የሌለው ቃል መጽሐፋቸው ውስጥ አይገባም። ቃሉን የቱንም ያህል ቢወዱት፣ ትርጉሙን የቱንም ያህል ቢያውቁት፣ በዚያ ትርጉም የጻፈበት ሰው ከነመጽሐፉና ከነገጹ ካልቀረበ ደጅ ይጠናል እንጂ አይገባም። «አውቃለሁ ማለትማ ጠጅ ቤትም ይባላል፤ እማኝህን አምጣ» ይሉ ነበር፣ ማንም ሳይከራከራቸው።

መጽሐፉ መዝገበ ቃላት ነው፤ ግን «ይህ ማለት ይህ ነው» ብሎ የሚያልፈው ዓይነት አይደለም። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ዛሬ ምን እንደሚል የዳላስ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። እሳቸው የሚያሳድዱት የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት ምን ይል እንደነበር ነው። «ገርል» ዱሮ ወንዱም ሴቱም ልጅ ነበር። «ሚት» ሥጋ ብቻ ሳይሆን የሚበላ ነገር ሁሉ ነበር። «ሲሊ» የተባረከ ማለት ነበር፤ ውሎ አድሮ ምስኪን ሆነ፣ ውሎ አድሮ ሞኝ። ይህን የመጨረሻውን ሲያስረዱ ድምፃቸው ከፍ ይላል። «የእኛው የዋህስ? በአባቶቻችን ጊዜ ምስጋና ነበር። ዛሬ እሱ እኮ የዋህ ነው ካሉህ፣ ብታታልለው አይነቃም ማለታቸው ነው። ሰው ደግነትን መናቅ የጀመረው እንግሊዝ አገር ብቻ አይደለም!» በእያንዳንዱ ትርጉም ሥር ከአሮጌ መጽሐፍ የተቀዳ ዓረፍተ ነገር ከነአማርኛው ይሰፍራል። ምስክር የሚሉት እሱን ነው።

ሥራውን ለሁለት ተካፍለውታል። ቀረብ ያለውን ዘመን እሳቸው ከዳላስ ቤተ መጻሕፍት እየተዋሱ ይሠራሉ፤ የጥንት የጥንቱ የምናሴ ነው። ጋሽ ምናሴ አዲስ አበባ በአንድ ትምህርት ቤት አብረዋቸው እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ያረጁ ባልደረባቸው ናቸው። የውጭ አገር መምህራን ጥለዋቸው የሄዱ አሮጌ መጻሕፍት የታጨቁበት የትምህርት ቤቱ መጋዘን ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነበር። አቶ ገብረመድኅን ሚስታቸው ሲሞቱ ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ወዳለችው ልጃቸው ወደ ሰርካዲስ መጡ፤ ምናሴ ከመጻሕፍቱ ጋር እዚያው ቀሩ።

መገናኛቸው ስልክ ነበር፤ ችግሩ አቶ ገብረመድኅን ስልክ አይሰሙም። ጆሯቸው ከአገር ሳይወጡ ነው የደከመው። ፊት ለፊት ጮክ ብለው ካናገሯቸው ይሰማሉ፤ ስልክ ሲጠጋቸው ግን ጆሯቸው ላይ ያለው ማዳመጫ እንደ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል። ስለዚህ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰርካዲስ የስልክ ካርዷን ፍቃ ትደውላለች፤ ጋሽ ምናሴ ቀስ እያሉ ያነቡላታል፤ እሷ በነጫጭ ካርዶች ላይ ትጽፋለች፤ አባቷ ከጎኗ ተቀምጠው እጇን ያያሉ። ካርዱ ሲሞላ ይነጥቋታል። የሁለት ሽማግሌዎች ወዳጅነት ዓመታት ሙሉ በእሷ ጆሮ ገብቶ በእሷ ብዕር ይወጣ ነበር። የምናሴ ካርድ ሁሉ በሰርካዲስ እጅ የተጻፈ ነው። ካርዶቹ በቃላቸው ፊደል ተራ ጫማ ካርቶን ውስጥ ይደረደራሉ፤ ቀን የሚባል ነገር የለባቸውም። ስድስት መቶ ዓመት ለሚቆጥር ሰው የባለፈው እሁድ ምኑ ነው?

ሰርካዲስ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ነበረች ማለት ይቻላል። ኑሮዋም ይኸው ነው፤ አንድ ሆስፒታል ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ዶክተሮች በድምፅ የቀዱትን እየሰማች በጽሑፍ ትገለብጣለች። እዚያ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ዶክተሩ ቃሉን ከዋጠው ቦታውን ባዶ ትተዪዋለሽ እንጂ ከራስሽ አትሞዪም። ሰው ይገድላል።

የመኪና ጋዝ በጋሎን አራት ዶላር የገባበት ሰመር፣ የአሜሪካው በጋ፣ ከመድረሱ በፊት የጋሽ ምናሴ ድምፅ ይደክም ጀመር። ዓረፍተ ነገሩን ጀምረው ሳል ይይዛቸዋል፤ ትንፋሻቸው ሲመለስ የቱ ጋ እንደነበሩ ይጠፋቸዋል። ሰርካዲስ መጀመሪያ ባዶ ተወችው። አባቷ ካርዱን አንስተው ባዶውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «ምነው? ታሟል እንዴ?» አሉ። በሚቀጥለው እሁድ የጎደለችውን ቃል ሞላቻት። አንዲት ቃል ናት። ቀጥሎ ሐረግ ሆነች።

ሰመሩ አጋማሽ ላይ የጋሽ ምናሴ ልጅ ዓለምጌጥ ደወለች። ሰርካዲስ ምሳ ሰዓት ላይ ነበረች። አባቷ ማረፋቸውን ተናግራ «የጋረደኝ ጥላዬ» እያለች አለቀሰች፤ ሰርካዲስም ፓርኪንጉ ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ስለ ራሷ አባት አሰበችና ደረቀች። አቶ ገብረመድኅን የልብ ቀዶ ጥገና አድርገው ቤት ገና መግባታቸው ነው። ዶክተሩ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰሙ አስጠንቅቋል።

መርዶን ደግሞ እንደ ወሬ በስልክ የሚወረውር የለም። ሰርካዲስ እንደ ወጉ ለዕድሩ ሰብሳቢ ለጋሽ ፍቅሩ ነገረች። ጋሽ ፍቅሩ የኤርፖርት ሹፌር ሆነው ኖረው ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው ዋይሊ አዲስ ቤት የገዙ፣ ሰው የሞተበትንም የተዳረበትንም የሚያውቁ ሰው ናቸው። «መርዶ ቀን ይጠብቃል። ቁስሉ ይዳን» አሉ።

እስከዚያ ለቅሶው አይቀርምና ዋይሊ፣ እሳቸው ቤት ተደረገ። ምናሴ ያላስተማሩት ሰው የለም፤ ከየሥራው እየወጣ መጥቶ አለቀሰ። ሰርካዲስ በጥቁር ልብስ ተቀምጣ አብራ አለቀሰች፤ ወደ ቤት ስትመለስ መኪናዋ ውስጥ ጥቁሩን አውልቃ አበባ ያለበት ሸሚዝ ለበሰች። አርባቸው ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ተዝካር ተበላ። አቶ ገብረመድኅንም በሉ። የማን ነው ሲሉ የአንድ ሰው እናት ናቸው አሏቸው፤ «ነፍስ ይማር» ብለው እጃቸውን ታጠቡ። ይህን ያደረጉት ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ። ሁሉም የሚወዷቸው ናቸው።

ቁስሉ ዳነ። ከዚያ ፍልሰታ ነው ተባለ፤ ጾም ላይ ያለ ሰው መርዶ አይረዳም። ከዚያ ዓመት በዓል መጣ። ከዚያ ጋሽ ፍቅሩ አገር ቤት ሄዱ። ከዚያ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፈሩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።

ግን እሁድ አይቀርም። ለቅሶው በተነሣ በመጀመሪያው እሁድ አቶ ገብረመድኅን ባዶ ካርዶቻቸውን አስተካክለው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው ጠበቋት። ሰርካዲስ መስመሩ እምቢ አለ ልትላቸው ነበር ያሰበችው። ስልኩን አነሣች፣ የማንንም ቁጥር ሳትመታ ጆሮዋ ላይ አደረገች፣ የአባቷን ዓይን አየች፣ እና «ደህና ነዎት ጋሽ ምናሴ?» ስትል ራሷን ሰማች። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ያን ቀን ሦስት ካርድ ሞላች።

ጎበዝ ወጣት አሮጌ ነገር ሲያስመስል ከአሮጌው ይብሳል። የጋሽ ምናሴን መጻሕፍት ስም ታውቃለች፤ የጥንቱ እንግሊዝኛ አካሄድ ዓመታት ሙሉ ጆሮዋን ሞልቶታል። ከሥራ ስትመለስ በትራፊክ ቆማ ዓረፍተ ነገር ትፈጥራለች። «ስታርቭ» ዛሬ በረሃብ መሞት ነው፤ ዱሮ ግን በምንም ይሁን በምን መሞት ነበር። ለዚያ አባቷ ሁነኛ ምስክር አጥተው ሲቸገሩ ኖረዋል። ሰርካዲስ አንድ ንጉሥ ፈጠረች፤ ልጆቹ ከበውት፣ ግብር አብልቶ፣ እሱም ጠግቦ፣ አልጋው ላይ «ስታርቭ» ያደረገ። አቶ ገብረመድኅን ካርዱን ይዘው ተነሥተው ቆሙ። «ጠግቦ! አየሽ? ጠግቦ ሞተ! ከዚህ ወዲያ ማን ይከራከረኛል?» አሉ። እንደዚያ ሲስቁ ካየቻቸው ቆይታ ነበር። አቤት፣ ሰው የሚወደውን ሲያስቅ የሚሠራው ኃጢአት!

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ መጽሐፉ አለቀ። አዲስ አበባ የሚያትመው ተገኝቷል። አንድ ማታ ሰርካዲስ ዕቃ ስታጥብ አቶ ገብረመድኅን መቅድሙን ጮክ ብለው አነበቡላት። «ወዳጄ ምናሴ የዚህ ሥራ እኩሌታ ባለቤት ነው። ከሁሉ የላቁትን ምስክሮች ያመጣልኝ ግን በዚህ ባለፈው ዓመት፣ በሕመሙ ላይ ሆኖ ነው። ሥጋው ሲደክም አእምሮው ነቅቷል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሲታተም እኔው ይዤለት እሄዳለሁ። በእጁ ነው የምሰጠው። ልቤ እንደሆነ ድኗል። ቲኬት እዪልኝ።»

ሰርካዲስ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። እስካሁን የፈራችው የአባቷን ልብ ነው። ያን ሰዓት ግን ሌላውን አየችው። መጽሐፉ ከወጣ፣ አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ደጁን የጠበቁት ቤት ውስጥ እሷ ያስገባቻቸው ሐሰተኛ ምስክሮች ከነስማቸው ተሰይመው ይቀመጣሉ። ካልተናገረች መጽሐፉን ትገድለዋለች፤ ከተናገረች ምናልባት አባቷን።

በማግሥቱ ከሥራ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ሆና ለጋሽ ፍቅሩ ደወለች።

«ጋሽ ፍቅሩ፣ ቅዳሜ ሰዎቹን ይዘው ይምጡልኝ። ለአባባ ይነገረው።»

«ሶ፣ አሁን? መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል? ሰርክዬ፣ ፊኒሽ ያድርጉ መጀመሪያ። ይታተም፣ ደስ ይበላቸው፣ ከዚያ ቀስ ብለን...»

«ሲታተም እኮ ነው ጉዱ! ውስጡ የእኔ ውሸት አለ። ጋሽ ምናሴ ያላሉትን ብለዋል ብዬ ጽፌያለሁ፤ መጽሐፍ ላይ የሌለውን።»

«ኦኬ፤ ማለቴ፣ የስድስት መቶ ዓመት እንግሊዝኛ ማን ቼክ ያደርገዋል? የሚያውቀው ቢገኝ አንድ ፈረንጅ ነው፤ እሱም አማርኛ አይችልም።»

«አባባ ቼክ ያደርገዋል።»

«እሳቸው አምነውሻል እኮ።»

«ለዚህ ነው ኮል ያደረግኩት» አለች።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መኪኖች የአፓርታማው ግቢ ውስጥ ገብተው ፓርክ አደረጉ፤ በራቸውን ቀስ አድርገው ዘጉ። አምስት ስድስት ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረጃውን ወጣ። አቶ ገብረመድኅን ጋቢያቸውን ደርበው ከመኝታ ቤት ብቅ ሲሉ ሳሎኑ ሞልቶ አዩት። ነጠላዎቹን አዩ። በዚህ ሰዓት፣ እንዲህ ለብሶ፣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ለመረዳት ጆሮ አያስፈልግም። ግድግዳውን ደገፍ አሉ።

«ማንን ነው?» አሉ።

ጋሽ ፍቅሩ ጎንበስ ብለው፣ መርዶ በሚነገርበት ዝግ ያለ ድምፅ ጀመሩ። «ጋሼ፣ መቼም ሞት ለማንም አይቀር፤ የፈጣሪ ነገር ሆኖ...»

«ምን አልከኝ?»

ጋሽ ፍቅሩ ትንሽ ከፍ አደረጉ። አልተሰማም። መርዶ ነጋሪ ሁሉ የሚያውቀው ያቺን ዝቅ ያለች ድምፅ ብቻ ነው፤ ለደንቆሮ ሽማግሌ የተሠራ ወግ የለም። አቶ ገብረመድኅን እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ከሰው ወደ ሰው ሲያዩ ሰርካዲስ አላስቻላትም። ሄዳ ትከሻቸውን ያዘች፤ ጆሯቸው ሥር ሆና ጮኸች።

«ጋሽ ምናሴ! ጋሽ ምናሴ ዐረፉ!»

በስሱ ግድግዳ ማዶ የጎረቤት ውሻ ጮኸ።

«ወንድሜን!» አሉ አቶ ገብረመድኅን። ደረታቸውን መቱ። ያልደረሰበት ሰው የለም ተብለው ሁለት ወንዶች ደግፈው አስቀመጧቸው፤ ሴቶቹ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ከነጠላው ኋላ ግን እንባ አልነበረም። ከየት ይምጣ? አልቅሰው የጨረሱት ሰው ነው። ለቀባሪው አረዱት ይባላል፤ እዚህ ቀባሪው ሁሉ ቀድሞ ጨርሶ ሄዶ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን መቃብሩ ላይ ደረሰ። አንዷ ለወጉ ያህል ልታለቅስ ሞከረችና በራሷ ድምፅ አፍራ ተወችው።

አቶ ገብረመድኅን ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም። ዕንባቸውን ጠርገው ዙሪያውን አዩ። «መቼ?» አሉ።

«ምን ያደርግልዎታል ጋሼ፤ ዐርፈዋል እኮ» አሉ ጋሽ ፍቅሩ።

አባት ወደ ልጃቸው ዞሩ። ጋሽ ፍቅሩ ከኋላ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁላት፤ ትናንት በይ ነው። ትናንት ብትል ታልፍ ነበር።

«አምና!» ብላ ጮኸች። «አምና በሐምሌ!»

አባቷ ወደ ስልኩ አዩ። «እሁድ እሁድ የምታናግሪውስ? ማን ነበር ስልኩ ላይ?»

«ማንም።»

«ማን?»

«ማንም!» መጮህ ነበረባት። «ማንም አልነበረም፣ አባባ! እኔ ነኝ የጻፍኩት!»

ሰዎቹ እግዜር ያጥናዎት እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። ሥራ የሚገባም ነበረ። ጋሽ ፍቅሩ መጨረሻ ቀሩ፤ እጃቸውን ሊስሙ ሲሉ አቶ ገብረመድኅን «ያ ተዝካርስ? አምና ያበላችሁኝ?» አሉ። ጋሽ ፍቅሩ እጃቸውን ለቀው ወጡ።

ሰርካዲስ የፈራችው ልባቸውን ነበር። ልባቸው ምንም አልሆነ። ተነሥተው የጫማ ካርቶኖቹን ከመደርደሪያ አውርደው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና «ለዪልኝ» አሏት። «የእሱን ለእሱ፣ የአንቺን ለአንቺ።»

የንጉሡን ካርድ ወዲያው አወጣች። አባቷ ተቀብለው አነበቡ። «ይህ የአንቺ ነው?» አሉ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ ሆነ። ካርዱን ገልብጠው አስቀመጡት። ሌላ አወጣች፤ ሌላም። «ሚት» ላይ ስትደርስ ቆመች። አንድ መንገደኛ ለፈረሱ «ሚት» የሚሰጥበት ዓረፍተ ነገር ነው። በትራፊክ መሃል የፈጠረችው መሰላት፤ ወዲያው ደግሞ ጋሽ ምናሴ ፈረስ የሚለው ቃል ላይ ሳል ይዟቸው የጠበቀችው ትዝ አላት። ወይስ ሳሉ ሌላ ቀን ነበር? ያኔስ ከፈረሱ በኋላ ያለውን ማን ጨረሰው? ካርዱ ያው ካርድ፣ ብዕሩ ያው ብዕር፣ እጁም የእሷው። ቀጣዩን አየች። አላወቀችውም። የሚቀጥለውንም አላወቀችውም።

«አባባ፣ መጻሕፍቱን እናመሳክር። ለዓለምጌጥ እደውላለሁ፤ መጋዘኑ...»

የቀረውን ዋጠችው። መጋዘኑ ጋሽ ምናሴ እንደሞቱ ፈርሶ መጻሕፍቱ ለመጠቅለያ በኪሎ መሸጣቸውን ዓለምጌጥ አምና ነግራታለች። ይህንንም ጮኻ ነገረቻቸው።

አቶ ገብረመድኅን ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አዩ። የመጽሐፉ እኩሌታ፣ የጥንት የጥንቱ፣ «ገርል» እና «ሲሊ» እና ሌላው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

«ሁሉንም አውጪው» አሉ።

«ሁሉንም? አባባ፣ አብዛኛው የእሳቸው እኮ ነው! እውነት ነው! ዓመታት ሙሉ አንብበውልኛል!»

«አውቃለሁ። ምናሴ ዋሽቶ አያውቅም።» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡ በተሻላት። «ግን እሱ አንብቦታል ብሎ የሚመሰክርለት ማን አለ? አንቺ ነበርሽ።»

«መቅድሙስ? ስማቸውስ?»

«ምን ሠራ ብዬ ልጻፍ?»

ሰርካዲስ አለቀሰች። አልከለከሏትም፣ አላባበሏትም። ፍራሹን ከመኝታ ቤት ጎትተው አምጥተው ሳሎኑ ወለል ላይ አነጠፉት። ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ለበሱና ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ተቀመጡ። ጎናቸው ሐዘንተኛ የሚያጽናና ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ባዶውን ነበር። እሷ ተነሥታ ልትቀመጥበት ስትል እጃቸውን ዘርግተው ወደ ካርቶኖቹ አመለከቷት።

«አንቺ ሥራሽን ጨርሺ» አሉ። «እኔ ለቅሶ ላይ ነኝ።»